የማይሰበር ብሎክ እንዴት ይደረደራል፦ ጀጎልን ጌም ማድረግ ለምትፈልጉ

አቦ ሰሞኑን ሐረርም ድሬም ፕላትፎርመር (ብሎክ ላይ እየዘለሉ የሚያልፉበት) ጌም እሰራለሁ የሚል ልጅ በዝቷል፣ ደስ ይላል፣ ግን የሚያሳዩኝ ሌቭል አብዛኛው አንድ በሽታ አለበት፦ ሁሉም ነገር ይሰበራል። ግድግዳው ይሰበራል፣ ወለሉ ይሰበራል፣ ጣራው ይፈርሳል፣ ከየቦታው ሳንቲም ይዘንባል፣ ከዛ ተጫዋቹ ወይ በፈለገበት ቀዳዳ እያወጣ ቀጥ ብሎ መጨረሻው ጋ ይደርሳል ወይ ደግሞ መሃል ላይ የሚወጣበትን ደረጃ ራሱ ሰብሮ ተቀርቅሮ ይቀራል። ስለዚህ ዛሬ የማወራው ስለማይሰበረው ብሎክ ብቻ ነው፣ ስለዛ ማንም ዞር ብሎ ስለማያየው ድንጋይ፣ ምክንያቱም ሌቭሉን የሚሰራው እሱ ነው፣ የሚሰበረው ማጣፈጫ ነው።

ለምሳሌ የምጠቀመው ጀጎልን ነው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን አሚር ኑር ያሰሩት ግንብ፣ አምስት የድሮ በሮች ማለትም ፈላና፣ ሸዋ፣ ቡዳ፣ ሰንጋና ኤረር፣ ከግርጌው ደግሞ ማታ ማታ ወራባ (ጅብ) የሚገባባቸው ቀዳዳዎች። ግንቡ አይሰበርም ግን መግቢያ አለው፣ ማን በየት እንደሚገባም የተወሰነ ነው። ለሌቭል ከዚህ በላይ ምን ትፈልጋላችሁ?

መስሪያውን በተመለከተ ብዙ አልልም፣ እኔ ጎዶት ነው የምጠቀመው፣ ነፃ ነው፣ ፋይሉ ትንሽ ስለሆነ በፍላሽ ከጓደኛ መቀበል ይቻላል፣ ኢንተርኔት ባይኖርም ይሰራል። አንድሮይድ ላይ የሚሰራም አለው፣ በስልክ ብቻ ለምትሰሩ ጂዲቬሎፕም ይሆናል። የምላችሁ ነገር በየትኛውም ይሰራል፣ ቁጥሮቹን ግን ከጎዶት ነው የወሰድኩት።

መጀመሪያ ዝላዩን ለኩ

ብሎክ ከመደርደር በፊት ካራክተራችሁ ምን ያህል እንደሚዘል እወቁ፣ ይሄን ሳያውቁ ሌቭል መሳል ዝም ብሎ መጫጫር ነው። ጎዶት 4 ላይ ለካራክተር ዝግጁ የሚሰጣችሁ ስክሪፕት የሩጫ ፍጥነቱ 300፣ የዝላዩ ጉልበት 400 ነው፣ ግራቪቲው ደግሞ ካልነካችሁት 980። ሂሳቡ የሃይስኩል ፊዚክስ ነው፣ 400ን በራሱ አባዝታችሁ ለ980 እጥፍ ማለትም ለ1960 ስታካፍሉት 81.6 ፒክስል ይመጣል፣ ከፍታው ያ ነው። አየር ላይ የሚቆየው 0.82 ሰከንድ ገደማ፣ በዛ ጊዜ የሚሄደው ርቀት ደግሞ 245 ፒክስል።

አሁን ይሄን ወደ ብሎክ ቀይሩት። ብሎካችሁ 32 ፒክስል ከሆነ ከፍታው ሁለት ተኩል ብሎክ፣ ርቀቱ ሰባት ተኩል ገደማ ነው። በቃ የሌቭላችሁ ህግ ከዚህ ይወጣል፦ 2 ብሎክ ከፍታ ያለው ነገር ደረጃ ነው፣ 3 ብሎክ ከፍታ ያለው ግድግዳ ነው። መሃላቸው ምንም የለም። ተጫዋቹ ሁለት ሶስቴ ከሞከረ በኋላ ሳይነገረው ያውቀዋል፣ ከሩቅ አይቶ "ይሄን እወጣዋለሁ፣ ያን አልወጣውም" ይላል። ለዛ ነው ሁሉንም በብሎክ ልክ አርጉ የምለው፣ ግማሽ ብሎክ ምናምን እያላችሁ ስትቀላቅሉ አይኑ ያሳስተዋል። ክፍተት ላይ ደግሞ ሰባቱን ሙሉ አትጠቀሙ፣ ለመጀመሪያው ሌቭል 3 እና 4 ይበቃል፣ 5 ለመሃል፣ ከዛ በላይ ያለውን ለክፉ ቀን አስቀምጡት።

አሁን ብዙ ሰው የማያስበው ነገር፣ እሱም ጣራ ነው። የማይሰበር ብሎክ ከላይ ስታስቀምጡ ዝላዩን ትቆርጡታላችሁ። ካራክተሩ ቁመቱ 2 ብሎክ ነው እንበል፣ ጣራው ከወለሉ 3 ብሎክ ላይ ከሆነ ከጭንቅላቱ በላይ ያለው 1 ብሎክ ብቻ ነው፣ ገና ዘለል ሲል ጭንቅላቱን መትቶ ይወርዳል፣ አየር ላይ የሚቆየው ከ0.82 ሰከንድ ወደ 0.35 ገደማ ይወርዳል፣ የሚሄደውም 104 ፒክስል አካባቢ ብቻ ይሆናል፣ የራሱ ወርድ ተጨምሮበት እንኳን ከ4 ብሎክ ትንሽ ቢያልፍ ነው። ስለዚህ ሜዳ ላይ በቀላሉ ያለፈው ያው የ5 ብሎክ ክፍተት እዚህ ፈፅሞ አይዘለልም! ምንም ጠላት አልጨመራችሁ፣ ምንም እሾህ የለም፣ አንድ ረድፍ ድንጋይ ብቻ ነው የጨመራችሁት። ጠባብ መንገድ ስትሰሩ ይሄን አስታውሱ፣ በተለይ የሐረሩን ማኪና ግርግር የመሰለ ጥብብ ያለ ቦታ ስታስቡ ጣራውን ዝቅ አርጎ ክፍተቱን ወደ 2 እና 3 ማውረድ ነው።

ድንጋዩን ብቻ አስቀምጡ

ካሬ ካሬ ያለው ወረቀት ያዙ፣ መብራት ሲጠፋም ይሰራል። አንድ ካሬ አንድ ብሎክ። በመጀመሪያው ረቂቅ ላይ የማይሰበር ብሎክና ባዶ ቦታ ብቻ ይኑር፣ ሳንቲም የለም፣ ጠላት የለም፣ ሚሰበር የለም። በዚህ ብቻ ከመነሻ እስከ መድረሻ መሄድ ካልተቻለ ወይም መሄዱ ደስ ካላለ ሌላው ነገር አያድነውም። የድሮውን የኒንቴንዶ ስክሪን ወርዱን ብታዩት 256 ፒክስል ነው፣ ብሎኩ 16 ስለሆነ አንድ እይታ ላይ 16 ብሎክ ወደ ጎን፣ 15 ወደ ላይ። ወረቀታችሁን በዛ ልክ ከፋፍሉትና እያንዳንዱ እይታ ላይ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፦ እዚህ ጋ ተጫዋቹ ምን እንዲወስን ነው የምፈልገው?

እ.ኤ.አ. የ1985ቱን ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ የመጀመሪያ ሌቭል ያልተጫወተ ያለ አይመስለኝም፣ ጌም ቤት ባይሆን በስልክ ኢሙሌተር። ወደ መጨረሻው አካባቢ ከማይሰበር ብሎክ የተሰራ ደረጃ አለ፣ ወጥታችሁ ትወርዱና ማዶ ሌላ ደረጃ ይጠብቃችኋል፣ መሃሉ መሬት ነው። ብትወድቁ ምንም አትሆኑም፣ ተነስታችሁ እንደገና ትሞክራላችሁ። ትንሽ አለፍ ስትሉ እንደገና ያው ዓይነት ሁለት ደረጃ ፊት ለፊት ይመጣል፣ አሁን ግን መሃሉ ገደል ነው። አያችሁ? አንድም ፅሁፍ የለም፣ "ተጠንቀቅ" የሚል የለም፣ ያው ብሎክ፣ ያው ቅርፅ፣ መጀመሪያ ያለ ቅጣት ከዛ በቅጣት። ይሄ የሚሰራው ደረጃው የማይነቃነቅ ስለሆነ ነው፣ ተጫዋቹ የመጀመሪያውን ደረጃ ሰባብሮ ማለፍ ቢችል ኖሮ ምንም ሳይማር ነበር ገደሉ ጋ የሚደርሰው።

ይሄን ወደ ጀጎል አምጡት። ግንቡን 6 ብሎክ ከፍታ፣ 2 ብሎክ ውፍረት አርጉት። ካራክተራችሁ ሁለት ተኩል ብቻ ስለሚዘል ግንቡን ቀጥታ አይወጣም። ከግንቡ ግርጌ አንድ ብሎክ ከፍታ ያለው ቀዳዳ ተዉ። ወራባው ቁመቱ አንድ ብሎክ ስለሆነ ሾልኮ ይገባል፣ የእናንተ ልጅ ግን ሁለት ብሎክ ነው፣ አያልፍም። መጀመሪያ ላይ ይሄን በሰላም አሳዩት፣ ወራባው ከሩቅ ሲገባ ብቻ ይታይ፣ ማንንም አይንካ። ቀጣዩ ግንብ ጋ ልጁ በደረጃ ግንቡ ላይ ወጥቶ ሲሄድ ወራባው ከስር በቀዳዳው ቀድሞት ማዶ ይጠብቀው። ሶስተኛው ጋ ጎንበስ ማለትን ስጡት፣ አሁን እሱም በቀዳዳው ያልፋል፣ እስካሁን ያለፋቸው ግንቦች ሁሉ አዲስ ትርጉም ይኖራቸዋል፣ ወደ ኋላ ተመልሶ ቀዳዳ ለቀዳዳ እየዞረ ሳንቲም ይፈልጋል። ደረጃውን ስትሰሩ ብሎኮቹን 2፣ 4፣ 6 ከፍታ ላይ አስቀምጡ፣ ከእያንዳንዱ ዝላይ ግማሽ ብሎክ ትርፍ ይኖረዋል፣ ያ ትርፍ ለጀማሪ ያስፈልጋል፣ ከነጭራሹ ትርፍ የሌለው ዝላይ ተጫዋቹን ያናድደዋል እንጂ አያጎብዘውም።

ሚሰበረው መቼ ይግባ

ድንጋዩ ካለቀ በኋላ። አንድ ህግ ብቻ ይዛችሁ ሂዱ፦ ተጫዋቹ ለመውጣት የሚያስፈልገው ነገር ሁሉ የማይሰበር ይሁን። ወደ ላይ የሚወስድ ብቸኛ ደረጃ ሚሰበር ከሆነ አንዱ ልጅ በደስታ ይሰብረዋል፣ ከዛ ቆሞ ያያችኋል። ጉድጓድም እንደዛው ነው፣ 3 ብሎክና ከዛ በላይ ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ግድግዳው ካልተሰበረ ሁለት ምርጫ ብቻ ነው ያለው፣ ወይ ታች እሾህ አርጋችሁ ግደሉት ወይ ውስጡ ባለ 2 ብሎክ ደረጃ ስጡት። ሳይሞት የማይወጣበት ጉድጓድ ውስጥ ቁጭ ብሎ ሪስታርት የሚፈልግ ተጫዋች ጌማችሁን አጥፍቶ ቲክቶክ ይከፍታል።

ማሪዮ ላይ የማደንቀው ዘዴ አለ። የጥያቄ ምልክት ያለውን ብሎክ ስትመቱት የያዘውን ይሰጣችሁና ባዶ ብሎክ ሆኖ እዛው ይቀራል፣ ከዛ በኋላ አይሰበርም። ሽልማቱን ወስዳችሁም መቆሚያው አይጠፋም። ጡቡ ደግሞ ትንሹ ማሪዮ ሲመታው ነቅነቅ ብሎ ይመለሳል፣ ትልቁ ሲመታው ይፈረካከሳል፣ ማለትም ያው ብሎክ ለአንዱ የማይሰበር ለሌላው ሚሰበር ነው። ቆንጆ ነው ግን ስራ ያበዛል፣ እያንዳንዱን ቦታ ሁለቴ ማሰብ አለባችሁ፣ አንዴ ጡቡ እንዳለ አንዴ ጡቡ እንደሌለ። ለመጀመሪያ ጌም አልመክርም።

ሚሰበረውና የማይሰበረው ብሎክ አብረው ሲሰሩ በደንብ ማየት የሚፈልግ እ.ኤ.አ. የ1983ቱን ሎድ ራነር የሚባል ጌም ይፈልግ፣ 150 ሌቭል አለው፣ የራሳችሁን ሌቭል መስሪያም አብሮ ነበረው። እዛ ዝላይ የሚባል የለም፣ የጡብ ወለል ከግራ ወይ ከቀኝ ትቆፍራላችሁ፣ ጠላት ይገባበታል፣ ጉድጓዱ ከቆይታ በኋላ ተመልሶ ይደፈናል። ደረቁ ብሎክ ግን አይቆፈርም። ሌቭሉን እንቆቅልሽ የሚያደርገው ደረቁ ብሎክ የት እንዳለ ነው፣ ሁሉም ቢቆፈር ኖሮ ቀጥ ብሎ ወደታች መውረድ ብቻ ነበር። ቦምበርማንም ፕላትፎርመር ባይሆንም ሃሳቡ አንድ ነው፣ በየአንዱ ካሬ እየዘለሉ የቆሙት የማይፈርሱ ምሰሶዎች ባይኖሩ ከቦምብ የምትሸሸጉበት ጥግ አይኖርም ነበር።

አይንና ጆሮ

ሚሰበረውና የማይሰበረው በአንድ እይታ መለየት አለባቸው። ሐረር ስለሆነ ሁሉንም ቡናማ ድንጋይ አርጎ የሚመጣ አለ፣ ሚሰበረው ቡናማ የማይሰበረው ቡናማ፣ ልዩነቱ ትንሽ ጠቆር ማለቱ። ኮምፒውተር ላይ ይታያችሁ ይሆናል፣ ስልኩን ይዛችሁ እኩለ ቀን ላይ ከዚራ ሂዱና ከዛፎቹ ጥላ ወጣ ብላችሁ በድሬ ፀሐይ እዩት እስቲ፣ አንድ ቡናማ ነገር ብቻ ነው የሚታያችሁ። ስለዚህ በቀለም ብቻ ሳይሆን በቅርፅ ለዩ፦ የማይሰበረው ትልልቅ ድንጋይ፣ ወፍራም ጥቁር ጠርዝ፣ ሚሰበረው ትንንሽ የጭቃ ጡብ፣ ስንጥቅ ያለው። ከዛ ስክሪንሾት አንሱና ምስሉን ጥቁርና ነጭ አርጋችሁ እዩት፣ አሁንም ከተለየ ጥሩ ነው። ከኋላ ያለው ስዕልም ከፊት ካለው ብሎክ ጋር እንዳይመሳሰል፣ ጀርባው ደብዘዝ ይበል፣ ጠርዝ አይኑረው፣ አለዚያ ሰው ስዕሉ ላይ ለመቆም ይዘላል።

አንዴ የማይሰበር ያላችሁት ብሎክ ደግሞ ሁሌም የማይሰበር ይሁን። ሚስጥር ክፍል ልደብቅ ብላችሁ አንዱን ድንጋይ ከሌላው ምንም ሳትለዩ ሚሰበር ብታረጉት ተጫዋቹ ከዛ በኋላ እያንዳንዱን ግድግዳ እየመታ ነው የሚሄደው፣ የአስር ደቂቃ ሌቭል ግድግዳ መደብደቢያ ይሆናል። ትንሽዬ ስንጥቅ ጣል አርጉበት፣ ያየ ይየው።

ድምፅም እንዳይረሳ፣ ድንጋዩ ሲመታ ደረቅ "ድም"፣ ጡቡ ሲመታ ፍርክስክስ። ሲመታ ምንም ድምፅ የሌለው ብሎክ ጌሙ የተበላሸ ያስመስላል።

ጎዶት ላይ

ከ4.3 ጀምሮ ታይልማፕ ሌየር የሚባል ኖድ (የጎዶት መገንቢያ ክፍል) አለ፣ ብሎኮቹን በካሬ የምትደረድሩበት ንጣፍ ነው፣ ሁለቱን አንድ ላይ አትቀላቅሉ፣ አንድ ሌየር ለድንጋይ፣ አንድ ሌየር ለሚሰበረው። ታይልሴቱ (የብሎክ ስዕሎቹ ስብስብ) ላይ ፊዚክስ ሌየር ጨምራችሁ ለእያንዳንዱ ታይል የኮሊዥን (የግጭት) ቅርፁን ትስላላችሁ፣ ሙሉ ካሬ ለማረግ ኤፍን መጫን ይበቃል። ለሚሰበረው ለብቻው የሚጠፋበትን ኮድ ትፅፋላችሁ፣ ድንጋዩ ሌየር ግን ምንም ኮድ አያስፈልገውም፣ በስህተትም የሚነካው ነገር አይኖርም፣ የመለየቱ ጥቅም እሱ ነው።

ሁለት ችግር በእርግጠኝነት ያጋጥማችኋል። አንደኛው፣ ካራክተሩ ለስላሳ ወለል ላይ እየሮጠ ድንገት በምንም ነገር ተደናቅፎ ይቆማል፣ ይሄ ሁለት ብሎክ የሚገናኙበት ስፌት ላይ የካራክተሩ ኮሊዥን ሹል ጥግ ሲይዘው ነው፣ የካራክተሩን ኮሊዥን ከአራት ማዕዘን ወደ ካፕሱል (ጫፉ ክብ የሆነ ቅርፅ) ቀይሩት፣ ወይም ወለሉ ረጅምና ቀጥ ያለ ከሆነ በአንድ ትልቅ ቅርፅ ሸፍኑት። ሁለተኛው፣ ሲዘል ጭንቅላቱ የብሎክ ጥግ በጥቂት ፒክስል ነክቶ ይመለሳል፣ ተጫዋቹም "አልፌ ነበር እኮ!" ይላል፣ ልክም ነው። እ.ኤ.አ. የ2018ቱ ሴለስት የሚባል ጌም ይሄን ቀስ አርጎ ወደ ጎን በመግፋት ነው የፈታው፣ እናንተም 4 ወይም 5 ፒክስል ያህል ብቻ ከነካ ወደ ጎን አንሸራቱት። ድንጋይ አይሰበርም ማለት ጨካኝ ይሁን ማለት አይደለም።

ሙቭ ኤንድ ስላይድን (ግጭት እያየ ካራክተሩን የሚያንቀሳቅሰውን የጎዶት ትዕዛዝ) ትታችሁ ፖዚሽኑን (ቦታውን) ራሳችሁ የምትቀይሩ ከሆነ ደግሞ ፍጥነቱን ገድቡ፣ በሰከንድ 60 ፍሬም ላይ 32 ፒክስል ብሎክን በአንድ ፍሬም ለመዝለል 1920 ፒክስል በሰከንድ ይበቃል፣ ከከፍታ የሚወድቅ ነገር እዛ ሊደርስ ይችላል፣ ከዛ የማይሰበረውን ወለላችሁን ሰንጥቆ ይወርዳል። ማይንክራፍ ከታች ቤድሮክ የሚባል የማይሰበር ድንጋይ ያነጠፈው ያለ ምክንያት አይደለም፣ ከሱ በታች ባዶ ነው። እናንተም ከሌቭሉ ግራና ቀኝ ጫፍ ውጪ አንድ አንድ አምድ ድንጋይ አስቀምጡ፣ ከጣራው በላይም እንዲሁ፣ ካልፈለጋችሁ በስተቀር ማንም በጣራ ላይ ሮጦ ሌቭሉን እንዳይዘለው።

ድሬን መስራት የምትፈልጉ የሼመንደፈር ፉርጎ አስቡ፣ የሚንቀሳቀስ የማይሰበር ብሎክ ማለት ነው፣ አኒሜታብል ቦዲ የሚባለው የጎዶት ኖድ ይሰራዋል። አንድ ነገር ግን ቀድማችሁ ወስኑ፦ ፉርጎው ልጁን ከጣቢያው ግድግዳ ጋር ሲያጣብቀው ምን ይሆናል? ይሞታል ወይስ ፉርጎው ይቆማል? ካልወሰናችሁ ጌሙ ራሱ ይወስናል፣ ልጁን ግድግዳው ውስጥ ይቀረቅረዋል ወይ ሰማይ ላይ ይወረውረዋል።

ሲያልቅ ኤፒኬ (የአንድሮይድ መጫኛ ፋይል) አውጡና በዜንደር ለሰፈር ልጆች ስጡ። ሲጫወቱ አጠገባቸው ቁሙ ግን አንዲት ቃል አትናገሩ፣ "በዚህ ሂድ" ማለት ያምራችኋል፣ ዝም በሉ። ወረቀታችሁን ይዛችሁ ሁለት ምልክት ብቻ አርጉ፦ ድንጋዩን ይሰበራል ብለው ደጋግመው የመቱበት ቦታ፣ እና ሊዘሉ ሲችሉ ግድግዳ መስሏቸው የተመለሱበት ቦታ። የመጀመሪያው ስዕሉን ቀይሩ ማለት ነው፣ ሁለተኛው ብሎኩን አንድ ካሬ ዝቅ አርጉት ማለት ነው። ከዛ እንደገና ኤፒኬ አውጥታችሁ ያልተጫወተ ሌላ ልጅ ፈልጉ፣ የመጀመሪያዎቹ አሁን መንገዱን ስላወቁት አይጠቅሟችሁም።